ጢሮስና የጋይንቷ ቤተልሔም

ስለ ጥንት ከተሞች ከተጻፉት የመጽሐፍ ቅዱስ ምዕራፎች መካከል፣ በሕዝቅኤል 27 የሚገኘው የጢሮስ ሙሾ ለታች ጋይንት አንባቢ እጅግ የቀረበ ነው። ብሩና ብረቱ፣ ስንዴውና ማሩ፣ ፈረሱና በቅሎው እየተቈጠረ ሲወርድ፣ ከተማው ስሙን ከገበያው ያገኘው የአርብ ገበያ ሰው ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ግን ብዙ ጊዜ ያልፉታል። ጢሮስ የእኛም ታሪክ ክፍል ስለ ሆነች፣ ጥቂት ልንቆይባት ወደድን።

ጢሮስ በዛሬዪቱ ሊባኖስ ጠረፍ፣ በሜዲትራኒያን ባሕር ደሴት ላይ የተሠራች፣ በሐምራዊ ቀለሟ የበለጸገች ከተማ ነበረች። ታላቁ እስክንድር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ332 ሰባት ወር ከበባት፤ በየብስ የነበረውን አሮጌ ከተማ ድንጋይ ወደ ባሕር እየጣለ እስከ ደሴቲቱ ድረስ መንገድ ደለደለ። ሕዝ. 26፥12 ከዚህ ጋር ቢነበብ መልካም ነው። በመንገዱ ግራና ቀኝ አሸዋ ስለ ተከመረ፣ ጢሮስ ዛሬ ደሴት አይደለችም።

ቅዱስ ጳውሎስ በዚህች ከተማ ሰባት ቀን ተቀምጧል (ሐዋ. 21፥4)። በዲዮቅልጥያኖስ ስደት ቤተ ክርስቲያኗ ፈረሰች። ኤጲስ ቆጶሱ ጳውሊኖስ ሌላ ቦታ መምረጥ ሲችል፣ ፍርስራሹን አስጠርጎ በዚያው ስፍራ ከቀድሞዋ የሰፋች አሠራ። እ.ኤ.አ. በ315 ገደማ ስትቀደስ አውሳብዮስ ዘቂሣርያ ያሰማውን ንግግር በቤተ ክርስቲያን ታሪኩ 10ኛ መጽሐፍ እናገኛለን። የዚያ ዘመን አብያተ ክርስቲያናት የተከተሉት ንድፍ ባዚሊካ ይባላል፤ ይኸውም ሮማውያን ለፍርድና ለንግድ ይሠሩት የነበረ፣ በዓምዶች ረድፍ የተከፈለ ረዥም አዳራሽ ነው። የጣዖት ቤት የምስሉ ማደሪያ በመሆኑ ሕዝቡ በደጅ ይቆም ነበር፤ አዳራሹ ግን ሕዝቡን ያስገባል። አባቶች የመረጡት ይህን ነው።

ፍሬምናጦስና ኤዴስዮስ ከዚህችው ከተማ ነበሩ። በልጅነታቸው ተማርከው ወደ አክሱም ቤተ መንግሥት ገቡ። ፍሬምናጦስ በእስክንድርያ በቅዱስ አትናቴዎስ እጅ ጵጵስና ተቀብሎ አባ ሰላማ ተባለ። ኤዴስዮስ ወደ ጢሮስ ተመልሶ ካህን ሆነ፤ ሩፊኖስም ታሪኩን ከአንደበቱ ሰምቶ ጻፈልን። በንጉሥ ዔዛና ገንዘብ ላይ የነበረው ጨረቃ ወርዶ መስቀል የተተካው በዚያው ዘመን ነው።

ረዥሙ የጸሎት አዳራሽ በአክሱም መንግሥት በድንጋይና በእንጨት ተሠራ። በጋይንት ያለችውን ቤተልሔምን ከውጭ ያየ ሰው፣ በአገሩ ልማድ ክብ የሆነች ቤተ ክርስቲያን ናት ብሎ ያልፋል። ከውስጧ ግን አራት ማዕዘን ያላት ጥንታዊት የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን አለች። የቀድሞ ሰዎች አዲሱን ሲሠሩ አሮጌዋን አላፈረሱም፤ በክቡ ሸፈኗት እንጂ። ዛሬ በየአጥቢያው አሮጌውን በሲሚንቶና በቆርቆሮ ለመተካት ሲመከር፣ ከመፍረሱ በፊት ቢያንስ እንዲለካ፣ ፎቶግራፍ እንዲነሣና ሽማግሌዎች እንዲጠየቁ እናሳስባለን። በጢሮስ እንኳ፣ ፍርስራሿ እ.ኤ.አ. በ1984 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ቢሆንም፣ በ2024 ጦርነት ቦምብ በአቅራቢያው ወድቋል።

ቤተልሔም ከድንጋይዋ ይልቅ በኦርቶዶክስ ወንድሞቻችን ዘንድ የምትታወቀው በድጓ ማስመስከሪያነቷ ነው። ተማሪው ድጓውን በሌላ ጉባኤ ቢጨርስም፣ ለመመስከር ወደ ጋይንት ይመጣል።