በጥላ ሥር የሚለማ ቡና ለዱር እንስሳትና ለሠራተኛው ያለው ፋይዳ፦ ለውጫሌ አካባቢ የሚሰጠው ትምህርት

መግቢያ

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው ውጫሌና በአምባሰል ወረዳ ቡና የሚለማው በሰፋፊ እርሻ ሳይሆን በጓሮና በአነስተኛ ይዞታ ነው። መሬቱንና ውሃውን ጫትና ባሕር ዛፍ ይሻሙታል፤ በመሆኑም የጥላ ዛፍን መጠበቅ ወይም መቁረጥ ለአርሶ አደሩ የኑሮ ጥያቄ ነው። ይህ ጽሑፍ የታተሙ ጥናቶችን በማነጻጸር፣ በጥላ ሥር የሚለማ ቡና ለዱር እንስሳት የሚሰጠው ጥቅም በማስረጃ የተደገፈ ቢሆንም ለሠራተኛው የሚደርሰው ጥቅም ግን በራሱ የሚመጣ አለመሆኑን ያሳያል።

ለዱር እንስሳት የሚገኝ ጥቅም

ዓረቢካ ቡና የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የደን ተክል በመሆኑ ዋንዛ፣ ሰሳ፣ ብርብራና ብሳና ያሉበት ማሳ ከተፈጥሮ መኖሪያው ጋር ይቀራረባል። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት በዚያ አካባቢ በጥላ ቡና ማሳዎች የተመዘገቡት የወፍ ዝርያዎች በአቅራቢያው ደን ከተመዘገቡት ከእጥፍ በላይ መሆናቸውን አሳይቷል። ይሁን እንጂ ደንን የሙጥኝ ያሉ ዝርያዎች በብዛት የተገኙት በደኑ ውስጥ ነው። የጥላ ቡና ደንን ያግዛል እንጂ አይተካም።

እንስሳቱም ብድራቸውን ይመልሳሉ። ዓረቢካ በራሱ የአበባ ዱቄት ማፍራት ቢችልም፣ በኮስታ ሪካ በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2004 በታተመ ጥናት ከደን በ1 ኪሎ ሜትር ገደማ ክልል ውስጥ ያለ ቡና በንቦች አማካይነት 20 በመቶ ተጨማሪ ምርት ሰጥቷል። በዚያው አገር እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ወፎች የቡና ፍሬ ሰርሳሪ ጥንዚዛን ጉዳት በግማሽ ያህል እንደሚቀንሱ አረጋግጧል።

ለሠራተኛው የሚደርሰው ድርሻ

የረገፈው ቅጠል አፈሩን ሸፍኖ አረምን ስለሚቀንስ የአራሚውን ድካም ያቀላል። ተባይን ወፎች ሲቆጣጠሩት ሠራተኛው ለኬሚካል የሚጋለጥበት ዕድል ያንሳል። ማር፣ ፍራፍሬና ማገዶም የቡና ዋጋ ሲወድቅ መደጎሚያ ይሆናሉ።

የገንዘብ ገቢው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በጅማ ዞን በበለጠ ገራ ደን የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት የጥላ ቡና የምስክር ወረቀት ደኑ ተጠብቆ የመቆየት ዕድሉን በ19.3 ነጥብ እንዳሳደገ ገልጿል። በዚያው ዞን በኅብረት ሥራ ማኅበራት ላይ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት በአንጻሩ የምስክር ወረቀቱ የአባላቱን ኑሮ እምብዛም እንዳልለወጠ አመልክቷል። ምክንያቶቹ ዝቅተኛ ምርታማነት፣ አነስተኛ የዋጋ ጭማሪ፣ እንዲሁም የብድርና የመረጃ እጥረት ናቸው። ሁለቱ ግኝቶች ጎን ለጎን ሲታዩ ዛፉ ቢተርፍም የጠባቂው ኪስ እንዳልሞላ ያስረዳሉ።

የቅጥር ለቃሚው ሁኔታ ይበልጥ ይከብዳል። ጥራት ያለው ቡና ቀይ ፍሬ ብቻ እየተመረጠ በተደጋጋሚ ዙር መለቀም አለበት። ክፍያው በኪሎ ብቻ ከሆነ መርጦ የሚለቅመው ሠራተኛ በቀን የሚያገኘው ያንሳል፤ የጥራቱን ዋጋ የሚከፍለው እርሱ ይሆናል።

የዘጌ ልምድ

በአማራ ክልል ቅርቡ ምሳሌ የጣና ሐይቅዋ ዘጌ ናት። በገዳማቱ ሥርዓት በበሬ ማረስ የተከለከለ በመሆኑ ቡናና ጌሾ በደኑ ሥር ለዘመናት ኖረዋል። የጣና ሐይቅ አካባቢም እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ነገር ግን የቡናው ገቢ ኑሮን መሸፈን ሲያቅተው ከደኑ የሚቆረጥ ማገዶ ወደ ባሕር ዳር ገበያ ይሄዳል። የተከበረ ሥርዓት እንኳ ያለ በቂ ገቢ ደንን ብቻውን ሊጠብቅ አይችልም።

ማጠቃለያ

ውጫሌ የገዳም ደን የላትም፤ የጓሮ ዛፎች ግን አሏት። እነዚህ ዛፎች እንዲቆዩ አገር በቀል ዛፍን ከፍራፍሬና ከንብ ቀፎ ጋር ማቀናጀት፣ ቀይ ፍሬን በተሻለ ዋጋ መግዛትና የለቃሚውን ክፍያ ከጥራት ጋር ማያያዝ ያስፈልጋል። ወደፊት በአካባቢው የሚካሄዱ ጥናቶችም ወፎችን ሲቆጥሩ የለቃሚውን የቀን ገቢና የሥራ ሰዓት አብረው ሊመዘግቡ ይገባል።