ቁልፉ ይመታል፤ ፊደሉ ወዴት ይሄዳል?

ባለፈው ሴሚስተር ማብቂያ ላይ አንድ ጓደኛችን በኮምፒውተር ክፍሉ ተቀምጦ የመመረቂያ ጽሑፉን በሙሉ ስክሪን ሲጽፍ ሳለ፣ ገበታው በድንገት አልታዘዝ አለው። ፊደል በመታ ቁጥር በፊደሉ ፈንታ የማዘዣ ዝርዝር ይከፈትበት ጀመር። ቢጨንቀው ጊዜ መብራቱን ነቀለ፤ ከቀትር በኋላ የጻፈውም ሁሉ አብሮ ጠፋ። እኛም አጠገቡ ሆነን ከማዘን በቀር የረዳነው ነገር አልነበረም። በኋላ ነገሩን ስንመረምረው ግን መፍትሔው ጥቂት ሰኮንድ እንኳ የማይፈጅ ሆኖ አገኘነው። ሌላው ተማሪ በዚሁ እንዳይጐዳ በማሰብ ያገኘነውን እነሆ እናካፍላለን።

በጽሕፈት መኪና ላይ ቁልፉና ፊደሉ በአንድ ብረት የተያያዙ ናቸው። ጣት ሲጫን ክንዱ ተነሥቶ ወረቀቱን ይመታል፤ በመካከል አማላጅ የለም። ኮምፒውተር ግን እንዲህ አይደለም። ገበታው ፊደል የሚባል ነገር አያውቅም፤ የሚያውቀው «ይህ ቁጥር ያለው ቁልፍ ተጫነ፣ ይህ ቁጥር ያለው ቁልፍ ተለቀቀ» ብሎ ማስታወቅን ብቻ ነው። ይህን ወሬ የሚቀበለው እንደ ዊንዶውስ ያለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው። እርሱም ወሬውን በዚያች ሰዓት ተራ ለያዘው መስኮት ያደርሳል፤ ቁጥሩም በተመረጠው ቋንቋ ወደ ፊደል ይለወጣል። እንግዲህ የገበታው፣ የመስኮቱና የቋንቋው ሦስት በሮች አሉ ማለት ነው። ሙሉ ስክሪን የሚያስቸግረን ሁለተኛውንና ሦስተኛውን በር ስለሚሰውርብን ነው። ተራው የየትኛው መስኮት እንደሆነና የትኛው ቋንቋ እንደተመረጠ የሚያሳዩት ምልክቶች ሁሉ ተሸፍነው ይቀራሉ።

ስለዚህ አስቀድሞ የመጀመሪያውን በር መመርመር ይገባል። ካፕስ ሎክን ተጭነን መብራቱ ቢበራና ቢጠፋ ገበታው ከሲስተሙ ጋር እየተነጋገረ ነው፤ ያችን መብራት እንድትበራ የሚያዘው ሲስተሙ ነውና። ከዚህም የበለጠ ማስረጃ ኮንትሮል፣ አልትና ዲሊት በአንድነት ሲጫኑ ይገኛል። በዊንዶውስ ይህን ጥምር ማንም ተራ ፕሮግራም ሊጠልፈው አይችልም፤ ሙሉ ስክሪን የያዘውም ቢሆን። መልስ ከሰጠ ገበታው ጤነኛ ነው፣ አዲስ ለመግዛት ወደ መርካቶ መሮጥም አያስፈልግም። ከሙሉ ስክሪን ለመውጣት በብዙ ፕሮግራሞች አልትና ኤንተር፣ በኢንተርኔት ማሰሻዎች ደግሞ ኤፍ 11 ይበቃል። ከወጡ በኋላ ኖትፓድን ከፍቶ ጥቂት ቃል መጻፍ ነው። እዚያ የሚጽፍ ገበታ በሌላው ስፍራ ቢለግም ጥፋቱ የገበታው አይደለም።

አሁን ወደ ጓደኛችን ነገር እንመለስ። እርሱ አልትንና ታብን ተጭኖ ሊያነብበው ወደፈለገው ሌላ ጽሑፍ አልፎ፣ ጥቂት ቆይቶ ተመልሶ ነበር። አልት ሲጫን ያየው የጽሑፉ ፕሮግራም ነው፤ ሲለቀቅ ግን ተራው ወደ ሌላው መስኮት ስለተዛወረ ወሬው የደረሰው ለዚያ ነው። የመጀመሪያው ፕሮግራም ስለ መለቀቁ የነገረው ስለሌለ አልት እንደተጫነ ያለ መስሎት ቀረ። ከዚያ በኋላ የተመታውን ፊደል ሁሉ እንደ ትእዛዝ መቁጠሩ ከዚህ የተነሣ ነው። መድኃኒቱም በግራና በቀኝ ያሉትን አልት፣ ኮንትሮልና ሺፍት፣ የዊንዶውስንም ቁልፍ፣ አንድ በአንድ ተጭኖ መልቀቅ ነው። ይኸው ነው! አንድ ከሰዓት የጠፋው ለዚህ ነበር።

ጭራሽ ምንም የማይጻፍ እንደሆነ ግን ተራውን ሌላ መስኮት ወስዶት ይሆናል። አንድ ማስታወቂያ ከኋላ ተከፍቶ መልስ ሲጠብቅ ሙሉ ስክሪኑ ከልሎት እኛ አናየውም። በአልትና ታብ ፈልጎ ማግኘት፣ ወይም በማውስ ከስክሪኑ መካከል አንድ ጊዜ መጫን ነው። ሺፍትን በተከታታይ 5 ጊዜ የመታ፣ የቀኙን ሺፍት ደግሞ ለ8 ሰኮንድ ይዞ የቆየ ሰው፣ ዊንዶውስ ለአካል ጉዳተኞች ያዘጋጀውን እርዳታ ሳያውቅ ሊቀሰቅስ ይችላል። በተለይ ሁለተኛው ሲበራ ፈጣን ምት ሁሉ ችላ ይባላልና፣ ብዙ ሰው ገበታው የሞተ ይመስለዋል።

የአማርኛው ጉዳይ ለብቻው ነው። ኢንጂነር አያና ብሩ የጽሕፈት መኪናን ለፊደላችን ባበጁበት ዘመን ችግሩ የቁልፍ ማነስ ነበር። ዛሬም ያው ነው፤ ስለዚህ አንዱ ፊደል ብዙውን ጊዜ በሁለት ምት ይወለዳል። «ላ»ን ለመጻፍ የኤልን ቁልፍ ስንመታ «ል» ይወጣል፤ የኤን ቁልፍ ስናስከትል «ል» ተሰርዞ በስፍራው «ላ» ይተካል። ይህን የሚያከናውነው እንደ ኪማን ያለ የመጻፊያ ፕሮግራም ነው። አንዳንድ ሙሉ ስክሪን የሚይዙ ፕሮግራሞች፣ ይልቁንም ጨዋታዎች፣ የቁልፉን ቁጥር በቀጥታ ከሲስተሙ ስለሚወስዱ አማላጁን ዘለው ያልፋሉ።

ምልክቱን ለይቶ ማየት ይጠቅማል። የላቲን ፊደል ብቻ የሚወጣ ከሆነ፣ አማላጁ ተዘልሏል ወይም ቋንቋው አልተመረጠም። «ልአ» እየተባለ ፊደሉ ተከፋፍሎ ከወጣ ፕሮግራሙ የተጻፈውን አስለውጥም ብሏል። ባዶ ሣጥን የሚወጣ ከሆነ ግን ገበታውን መውቀስ አይገባም። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ገብቷል፤ ቁጥሩም በደኅና ደርሷል፤ የጎደለው ፕሮግራሙ ይዞት የመጣው የፊደል ቅርጽ ነው። ለሁለቱ የመጀመሪያዎቹ ሙሉ ስክሪኑን ወደ ተራ መስኮት መለወጥ ብዙ ጊዜ ይረዳል፤ ካልሆነም በኖትፓድ ጽፎ መገልበጥ ነው። ለሦስተኛው ፕሮግራሙ የፊደል ቅርጽ ማስለወጥ ካልፈቀደ ልፋቱ ከንቱ ነው፤ በእኛ አስተያየት ወቀሳውም ለሠሪዎቹ ይገባል።

ነገሩ ተገልብጦም ይመጣል። በጨዋታ መካከል የግራው አልትና ሺፍት አብረው ሲጫኑ ቋንቋው ሳናስበው ወደ አማርኛ ይዛወርና፣ የላቲን ፊደል የሚጠብቀው ፕሮግራም የማያውቀው ፊደል ይደርሰዋል። የዊንዶውስን ቁልፍ ከስፔስ ጋር መጫን ይመልሰዋል።

አንድ ፕሮግራም በአስተዳዳሪ ሥልጣን ሲከፈት፣ በተራ ሥልጣን የተከፈተ ሌላ ፕሮግራም ቁልፍ ሊልክለት አይችልም። አማርኛው በሁሉም ዘንድ ሠርቶ በአንዱ ብቻ እንቢ ካለ ይህንንም መጠርጠር ነው፤ ፕሮግራሙን ዘግቶ በተራ ሥልጣን መክፈት ይበቃል። ከሩቅ ያለ ኮምፒውተር በሙሉ ስክሪን የሚጠቀም ደግሞ፣ ኮንትሮል፣ አልትና ዲሊት የሚሠሩት በፊቱ ባለው ማሽን ላይ መሆኑን ይወቅ። በዊንዶውስ ሪሞት ዴስክቶፕ ለሩቁ ማሽን በዲሊት ፈንታ ኤንድን መጫን ነው።

ሌላ ዓይነት ምልክት የገጠመው ተማሪ የፕሮግራሙን ስም፣ የመታውን ቁልፍና የወጣለትን ፊደል ጽፎ ለዝግጅት ክፍሉ ቢያደርስልን፣ በሚቀጥለው እትም እንመለስበታለን።