ሁለት አሮጌ ኮምፒውተሮች ለምን አልተገናኙም?

በአንድ አሮጌ ኮምፒውተር ውስጥ የቀረን የመመረቂያ ጽሑፍ ወደ ሌላው ለማሻገር ሁለቱን በኤተርኔት ገመድ አገናኘናቸው፤ ይሁን እንጂ የካርዶቹ መብራት አልበራም። ምክንያቱ ምን ይሆን?

በአሮጌዎቹ የ10 እና የ100 ሜጋቢት ካርዶች 1ኛውና 2ኛው ፒን ይልካሉ፤ 3ኛውና 6ኛው ይቀበላሉ። ተራው ገመድ ላኪን ከላኪ ስለሚያገናኝ ሁለቱም ይናገራሉ፤ የሚሰማ ግን የለም። ስለዚህ 1ን ከ3፣ 2ን ከ6 ጋር የሚያገናኝ የክሮስኦቨር ገመድ ያስፈልጋል። አብዛኞቹ አዳዲስ ካርዶች ይህን በራሳቸው ያስተካክላሉ።

መብራቱ ሲበራ አድራሻ እንስጥ፦ ለአንዱ 192.168.0.1፣ ለሌላው 192.168.0.2፣ የሁለቱም ማስክ 255.255.255.0 ይሁን። በፒንግ ትእዛዝ ስንጠራው መልስ ካልሰጠ ፋየርዎሉን እንመርምር።

መብራቱ ሳይበራ አድራሻ መቀያየር ከንቱ ድካም ነው። እኛም ጽሑፉን ያዳንነው ከገመዱ ጀምረን ደረጃ በደረጃ በመፈተሽ ነው።