የሐይቅ ወለል እንስሳት ስለ ውሃው ለምነት የሚያመለክቱት
ለደቡብ ኦሞ የልማት ሠራተኞችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

መግቢያ

የአፈርን ለምነት ከሰብሉ ቁመናና ቀለም እንደምንገምት ሁሉ፣ የውሃንም ለምነት በወለሉ ጭቃ ውስጥ ከሚኖሩት ትሎች፣ ዕጮችና ቀንድ አውጣዎች መገመት ይቻላል። ዓሣ ውሃው ሲበላሽበት ዋኝቶ ይሸሻል። የወለል እንስሳት ግን ከቦታቸው ብዙ ስለማይርቁ የሚደርሰውን ለውጥ እዚያው ሆነው ይቀበላሉ። አንድ ብልቃጥ ውሃ የተቀዳበትን ቀን ሁኔታ ሲያሳይ፣ እነርሱ ግን የወራትን ውጤት ያሳያሉ።

ሀ. ለምነት ሲበዛ የሚደርሰው ለውጥ

ናይትሮጅንና ፎስፎረስ በደለል፣ በማዳበሪያ፣ በእበትና በከተማ ፍሳሽ አማካይነት ወደ ውሃ ይገባሉ። መጠናቸው ሲጨምር አልጌ ይበዛል። አልጌው ሞቶ ወለሉ ላይ ሲያርፍ፣ የሚያበሰብሱት ባክቴሪያዎች በውሃው ያለውን ኦክሲጅን ይጨርሳሉ። በዚህ ጊዜ ብዙ ኦክሲጅን የሚፈልጉ እንስሳት ይጠፋሉ። በምትካቸው የማይናከሱ ትንኞች ቀይ ዕጮችና ቀጫጭን ቀይ ትሎች ይበዛሉ። ቀይ የሆኑት እንደ ሰው ደም ኦክሲጅን የሚይዝ ሄሞግሎቢን ስላላቸው ነው። ስለዚህ የእንስሳቱ ዓይነት አንሶ የጥቂቶቹ ቁጥር መብዛቱ ዋናው ምልክት ነው።

ለ. ያለፈው ዘመን መዝገብ

የትንኝ ዕጭ ጠንካራ የራስ ሽፋን በቀላሉ ስለማይበሰብስ በደለል ውስጥ ለሺህ ዓመታት ሊቆይ ይችላል። ደለል ሲደራረብ የታችኛው የቀድሞው፣ የላይኛው የቅርቡ ነው። ተመራማሪዎች ደለሉን በቧንቧ ሳይበጠብጡ አውጥተው በየንብርብሩ ያለውን ዓይነት ይቆጥራሉ። ያለፉትን 100 ዓመታት ያህል ዕድሜ ደግሞ በእርሳስ-210 መጠን ይለካሉ። በዚህ አኳኋን ማንም ባልመዘገበው ዘመን የነበረው ለምነት ይታወቃል።

ሐ. በአካባቢያችን ያለው ጉዳይ

የኦሞ ወንዝ ወደ ቱርካና ሐይቅ ከሚገባው የወንዝ ውሃ ከ80 ከመቶ በላይ የሚሆነውን ያደርሳል። ሐይቁ መውጫ ወንዝ የለውም። ቀድሞ የየዓመቱ ሙላት ደለልና ንጥረ ነገር ወደ ዳሰነች ዳርቻና ወደ ሐይቁ ያመጣ ነበር። የግልገል ጊቤ 3 ግድብ በ2007 ዓ.ም. ውሃ መያዝ ከጀመረ ወዲህ የሙላቱ ሁኔታ ተለውጧል። በታችኛው ኦሞም በመስኖ የሚለማ የሸንኮራ አገዳ እርሻ ተቋቁሟል። የመጀመሪያው ንጥረ ነገርን ሊቀንስ፣ ሁለተኛው ሊጨምር ይችላል። የዓሣ አስጋሪው እንጀራ በዚህ ላይ የተመሠረተ በመሆኑ የትኛው እንዳመዘነ በግምት መናገር አይገባም።

ቱርካና ነፋስ የሚያናውጠውና ጨዋማነት ያለው ሐይቅ ነው። ጨውም የእንስሳቱን ዓይነት ስለሚለውጥ፣ ቀይ ዕጭ መገኘቱ ብቻውን ለፍርድ አይበቃም። ውጤቱን ከጫሞ ሐይቅ ጋር ሳይሆን ከዚያው ቦታ የቀድሞ መዝገብ ጋር ማነጻጸር ይገባል።

መ. የአሠራር ቅደም ተከተል

1. አንድ ዓይነት ጥልቀትና ጭቃ ያላቸው ሦስት ቦታዎች ምረጡ።
2. ከየቦታው እኩል መጠን ያለው ጭቃ አውጥታችሁ በጥቃቅን ወንፊት እጠቡ።
3. የቀረውን በነጭ ሳሕን ላይ አፍስሳችሁ በየዓይነቱ ለዩና ቁጠሩ።
4. ቀኑን፣ ቦታውን፣ የውሃውን ቀለምና የዝናቡን ሁኔታ መዝግቡ።
5. በየዓመቱ በዚያው ወር፣ በዚያው ቦታ ድገሙ።

በጂንካ አካባቢ ያላችሁ ወደ ሐይቁ ከመውረዳችሁ በፊት በኔሪ ወንዝ ዳር መለማመድ ትችላላችሁ። የወንዝና የሐይቅ እንስሳት ስለሚለያዩ ግን መዝገቡ ለየብቻ ይያዝ።

ማሳሰቢያ

አዞና ጉማሬ ባሉበት ስፍራ ወደ ውሃ መግባት ክልክል ነው። አንዳንድ ቀንድ አውጣዎች ቢልሃርዝያን ስለሚያስተላልፉ ቦቲ ጫማና የላስቲክ ጓንት አድርጉ።

1 ኩንታል ዩሪያ 46 ኪሎ ናይትሮጅን ይዟል። በጎርፍ የታጠበው ለገበሬው ኪሣራ፣ ለውሃው ደግሞ ጉዳት ነው። ስለዚህ ማዳበሪያ በአፈር ይሸፈን፤ ከባድ ዝናብ ሲቃረብ አይበተን፤ በወንዝ ዳር ያለው ሣርና ቁጥቋጦ አይመንጠር፤ ጆንያውም በወንዝ ውስጥ አይታጠብ።