የዕለቱ ማዕድ በተቋረጠ ጊዜ

በሐዋርያት ሥራ በ6ኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈው፣ በኢየሩሳሌም ከነበሩት ምእመናን መካከል የግሪክ ቋንቋ ተናጋሪዎቹ መበለቶቻቸው በየዕለቱ ከሚታደለው ምግብ ቸል ስለ ተባሉባቸው አንጐራጐሩ። እዚህ ላይ ልናስተውለው የሚገባን ነገር አለ፤ ይኸውም ቅዱስ ሉቃስ እህል ጐደለ አላለም። መሬታቸውን እየሸጡ ዋጋውን በሐዋርያት እግር ሥር ያኖሩ የነበሩት ደጋጎች ታሪካቸው ከጥቂት ምዕራፍ በፊት ተነግሯል። የጐደለው በጎተራውና በመበለቲቱ መካከል የሚቆመው አዳይ ነበር። እንግዲህ ራብ ማለት የእህል መታጣት ነው፤ አንድም እህል ሳለ የሚያደርሰው መታጣት ነው።

ይህ ሁለተኛው ዓይነት ራብ በቅርቡ በአሜሪካ ታየ። በዚያ አገር መንግሥት ገቢያቸው ላነሰ ቤተ ሰቦች በየወሩ የምግብ መግዣ በካርድ ይሰጣል፤ ስሙም ስናፕ ይባላል። ቀድሞ በወረቀት ይታደል ስለ ነበር፣ እስከ ዛሬ ፉድ ስታምፕ እያሉ የሚጠሩት ብዙዎች ናቸው። በ2018 ዓ.ም. መጀመሪያ ተቀባዮቹ 42 ሚሊዮን ያህል ነበሩ፤ ይህም ከ8 ሰው አንዱ ማለት ነበር። የሚሰጠውም ለአንድ ሰው በአማካይ በቀን 6 ዶላር ያህል ነበር። ምክር ቤቱ በጀቱን ሳያጸድቅ ቀርቶ መንግሥት ከመስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ለ43 ቀን ሥራውን ባቋረጠ ጊዜ፣ ከጥቅምት 22 ቀን (እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1 ቀን 2025) አንሥቶ ሊገባ የሚገባው የምግብ ገንዘብ ቆመ። ለክፉ ቀን የተቀመጠ መጠባበቂያ ነበረ፤ ሹማምንቱ ግን ለዚህ አይነካም አሉ። ዳኞች ይከፈል ብለው አዘዙ፤ ክርክሩም እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። አንዳንዱ ግዛት ሙሉውን፣ አንዳንዱ ከፊሉን ከፈለ፤ በሌላው ሕዝቡ እየጠበቀ ሰነበተ። ኅዳር 3 ቀን በጀቱ እስኪፈረም ድረስ ነገሩ እንዲህ ሆኖ ቆየ። በነዚያ ቀኖች ሁሉ በየገበያው ዳቦውም ወተቱም ሞልቶ ነበር።

ጥፋቱ የማን እንደ ሆነ ለመፍረድ አልተነሣንም። ነገር ግን በኦሪት ዘፍጥረት በ41ኛው ምዕራፍ ዮሴፍ በጥጋቡ ዘመን አምስተኛውን እጅ አከማችቶ፣ ራብ በጸና ጊዜ ጎተራውን ሁሉ እንደ ከፈተ እናነባለን። ማከማቸትማ ስስታምም ያከማቻል።

ይህ ሁሉ የሆነው በወርኃ ጽጌ ነው። በዋሽንግተን ከተማ ዙሪያ፣ በሜሪላንድና በቨርጂንያ ብዙ ኢትዮጵያውያን ምእመናን ይኖራሉ፤ ከእነርሱም የጽጌን ጾም በፈቃዳቸው የሚጾሙ አሉ። በዚያው ሳምንት ካርዱ ባዶ የሆነበት ጎረቤታቸው ሳይፈቅድ ጾመ። በፍትሐ ነገሥት የጾም አንቀጽ 15ኛው፣ የምጽዋት አንቀጽ 16ኛው ሆነው ተከታትለው የተቀመጡ ናቸውና፣ ከፊተኛው ወደ ኋለኛው ለመሻገር ገጽ መግለጥ ብቻ ይበቃል።

ቤተ ክርስቲያን የመንግሥትን ቦታ ትተካለች ብለን ግን ሕዝቡን አናታልል። የምግብ ባንኮችን የሚያስተባብረው ፊዲንግ አሜሪካ ራሱ፣ ምግብ ባንኮች 1 ማዕድ በሚሰጡበት ስናፕ 9 ይሰጣል ይላል። የሰበካው አቅም ውስን ነው። አቅሙ ውስን የሆነ ሰው ደግሞ ማን እንደ ተቸገረ አስቀድሞ ማወቅ ይገባዋል።

ለዚህም የሚረዳ አንድ ሥርዓት አለን፤ ይኸውም የንስሐ አባት ነው። ከቅዳሴ በኋላ የተቸገራችሁ ወደ ፊት ውጡ ብሎ በጉባኤ መካከል ማደልን አናመሰግንም። ልጆቻቸውን ተከትለው ባሕር የተሻገሩ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች ለልመና ከመቆም ይልቅ በልቻለሁ ብለው ማደርን ይመርጣሉ። የንስሐ አባት ግን ቤቱን ያውቃል፤ ጸበል ሊረጭ ሲገባ ማዕዱን ያያል፤ የሰማውንም አያወጣም። እርሱ ስም ሳይጠራ ቁጥሩን ብቻ ለሰበካ ጉባኤው ይንገር፤ ጉባኤውም በየወሩ ከሚገባው ዐሥራት ላይ የታወቀ ድርሻ ይለይለት። የሚያደርሱትም ዲያቆናት ይሁኑ። ዛሬ ዲያቆን ሲባል መስቀል የያዘ ልጅ ብቻ ይታየናል፤ ነገር ግን ቅዱስ እስጢፋኖስና ስድስቱ ባልንጀሮቹ የተመረጡት ለማዕድ አገልግሎት ነበር። መልካም ምስክርነት ያላቸው፣ ጥበብም የመላባቸው ይሁኑ መባሉ፣ ምግብ ማደል ቀላል ሥራ ስላልሆነ ነው።

በጀቱ ከተፈረመ በኋላ ነገሩ አልፏል ብለን እንዳንተኛ አንድ ነገር እንጨምር። ሰኔ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. በአሜሪካ የተፈረመው ሕግ፣ ስደተኞችና ጥገኝነት ያገኙ ሰዎች ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ እስኪያገኙ ድረስ ይህን የምግብ እርዳታ እንዳያገኙ አድርጓል። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ተሰደው በየአጥቢያው የሚያስቀድሱ ቤተ ሰቦች በዚህ ውስጥ አሉ። እነርሱ ፈቃዱን ለማግኘት በመጀመሪያ አንድ ዓመት መቆየት አለባቸው፤ ከዚያም ማመልከቻው እስኪታይ ይጠብቃሉ። ስለዚህ ሰበካ ጉባኤው ለእንደዚህ ያለው ቤት ድርሻ ሲቈርጥ ሒሳቡን ከአንድ ዓመት በላይ አድርጎ ይያዘው።