ሰብለ የምትመጣው መቼ ነው?

የጎረቤቴ ልጅ ሐዋሳ ፒያሳ ላይ ከአንድ መጽሐፍ አዟሪ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ገዛች። ከሳምንት በኋላ እናቷ ቡና አፍልታ ስንጠጣ፣ «እንዴት ነው መጽሐፉ?» አልኳት። አወጣችና አሳየችኝ። ተፍቆ ያለቀ የሞባይል ካርድ ምልክት አድርጋ በገጾቹ መሀል ሰክታለች፤ ካርዱ ከፊተኛው ሽፋን ገና ብዙም አልራቀም።

«ጋሼ፣ ሰብለ የምትመጣው መቼ ነው?» አለችኝ። «እስካሁን የማነበው ስለ ሁለት ድሀ ባልና ሚስት ነው።»

ይህን ጥያቄ ከብዙ ሰው ሰምቼዋለሁ። የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፍ በ1958 ዓ.ም. ታተመ። በኋላም ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ዝግጅት ላይ ተረከው። ከዚያ ወዲህ ያላነበበውም ሰው በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን በስም ያውቃቸዋል። ስለዚህ አንባቢ መጽሐፉን ሲገልጥ ሁለቱን ፍቅረኞች ለማግኘት ቸኩሎ ነው። የሚያገኘው ግን ማንኩሳ የሚባለውን የጎጃም መንደር ነው። ቦጋለ መብራቱንና ውድነሽ በጣሙን፣ ትዳራቸውንና ድህነታቸውን ያገኛል። ቢሰለች አልፈርድበትም፤ ርዕሱ ፍቅር ብሎ ጠርቶታልና።

እንዲህ ያለ አጀማመር የኛ ብቻ አይደለም። የእንግሊዙ ቻርልስ ዲከንስ «ብሊክ ሀውስ»ን ሲጀምር አጉልቶ የሚያሳየን ሰው ሳይሆን ጉም ነው። ጉሙ ለንደንን ይሸፍናል፤ ወንዙ ላይ ይተኛል፤ በመጨረሻም ፍርድ ቤቱ ውስጥ ገብቶ ዳኛው ፊት ይቀመጣል። እዚያ የሚታየው የውርስ ክርክር ከመርዘሙ የተነሣ ተከራካሪዎቹ የሚወለዱበትና የሚሞቱበት ሆኗል። ጉሙ የአየር ጠባይ ወሬ እንዳልሆነ አንባቢ የሚገባው ቆይቶ ነው፤ ያ ክርክር ራሱ ጉም ነው። በዚያ ዘመን አንባቢው መቆየት ይችል ነበር። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. ከ1852 እስከ 1853 ወር በወር፣ 32 ገጽ በአንድ ሽልንግ እየተሸጠ ነው የወጣው። ያልገባው ነገር ቢኖር እስከሚቀጥለው ወር ከጎረቤቱ ጋር ሲያወራበት ይከርማል። ዛሬ ከ500 ገጽ በላይ የሆነ መጽሐፍ በአንድ ጥራዝ ሲሰጠን ግን ገና ከመጀመሪያው ስንት እንደቀረን እንቆጥራለን።

 

ወደ ቦጋለና ውድነሽ ልመለስ። እነዚያ ገጾች ውስጥ ስለት አለ። ልጃቸው በዛብህ ታሞባቸው በጨነቃቸው ጊዜ፣ ከተረፈ ለእግዚአብሔር አገልጋይ እንዲሆን ይሳላሉ። ስለት ምን እንደሆነ ለሐዋሳ ልጅ ማስረዳት አያስፈልግም። ታኅሣሥ 19 ቀን ከፒያሳ ወደ ቅዱስ ገብርኤል የሚጎርፈውን ሰው አይታለች፤ ጧፍ የያዘውን፣ ጃንጥላ የተሸከመውን፣ ስለቱ ሰምሮለት እልል የሚለውን። ሰው የተሳለውን ካላገባ እንቅልፍ እንደማይወስደው ታውቃለች። ታዲያ እዚህ የተሳሉት ጃንጥላ ወይም በግ አይደለም፤ የአንድ ልጅ ሙሉ ዕድሜ ነው።

ይህን ይዘን ብዙ ገጽ ወደ ፊት እንሂድ። በዛብህ አድጎ፣ ቅኔ ተምሮ፣ ዲማ ጊዮርጊስ ደርሶ በፊታውራሪ መሸሻ ቤት ሰብለ ወንጌልን ያስተምራል። ይዋደዳሉ። በመካከላቸው የፊታውራሪው የዘር ኩራት እንደቆመ ማንም ያያል። ሌላው አጥር ግን የሚታየው ማንኩሳን ላነበበ ብቻ ነው። በዛብህ ከሰብለ ጋር ሲቀመጥ፣ ዕድሜውን ለእግዚአብሔር የሰጠው የወላጆቹ ቃል አብሮት ተቀምጧል። የመጀመሪያዎቹን ገጾች የዘለለ ሰው የሚያገኘው በሀብታምና በድሀ መካከል የወደቀ ፍቅር ነው፤ ያ ደግሞ በየፊልሙ አለ። ያነበበው ግን ልጁ ገና ፍቅርን ሳያውቅ ዕዳ እንደተጻፈበት ያውቃል።

ሌላም ነገር አለ፤ ለእኔ ከስለቱ ይበልጣል። ልቦለዱ በፊታውራሪው ግቢ ቢጀምር ኖሮ እኛም ከባለቤቶቹ ጋር ተቀምጠን በዛብህን እንደ እንግዳ እናየው ነበር፤ አንድ ከሩቅ የመጣ ድሀ የቆሎ ተማሪ። ሐዲስ ግን መጀመሪያ ቦጋለ ጎጆ ውስጥ አስቀመጡን። እናቱ እንዴት እንደሳሳችለት አይተናል። ስለዚህ ወደዚያ ትልቅ ግቢ የምንገባው ከበዛብህ ጋር ነው፤ በሩ ላይ ስንደርስ የምንፈራውም እሱ የሚፈራውን ነው። ፊታውራሪው ስለ አጥንታቸው ሲናገሩ የሚያመን ለዚህ ነው፤ የሚንቁትን ቤተሰብ እናውቀዋለንና።

ለልጅቱ ይህን ሁሉ አልነገርኳትም፤ መጽሐፉን ለራሷ ተውኩላት። የመጀመሪያውን ክፍል ለእናቷ ድምፅ አውጥታ እንድታነብላት ብቻ ጠየቅኳት። የሐዲስ ዐረፍተ ነገር ረጅም ነው፤ ዓይን ሲቸኩልበት ይደክማል፤ በጆሮ ግን እንደ ሽማግሌ ጨዋታ ነው፤ ትንፋሽ የሚወስድበት ቦታ ራሱ ይታወቃል። ወጋየሁ ያንን ሁሉ አድማጭ ሬዲዮ ሥር ያስቀመጠው በዚህ ይመስለኛል።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ፒያሳ ባጃጅ ስጠብቅ ከኋላዬ ጠራችኝ። ካርዱ ወደ ፊት ሄዷል።

«ስለቱ ጋ ደረስን» አለችኝ። «እማዬ አለቀሰች። እኔ ግን ተናድጃለሁ ጋሼ፤ ልጁን ማን ጠየቀው?»