የኩሬው ወለል ሳይሰናዳ ዓሣ አይግባ

በአምበርና በአካባቢው አዲስ ኩሬ ለቆፈሩ አርሶ አደሮች የተዘጋጀ ምክር

ኩሬ በተሞላ በማግሥቱ ጫጩት ከገባበት ኪሳራው ከዚያው ይጀምራል። ጥርት ያለው ውኃ ለዓይን ያምራል፤ ለዓሣ ግን ባዶ ሞሰብ ነው። ዓሣው የሚመገባቸው ደቃቅ ዕፅዋትና ነፍሳት ገና አልፈሉበትም። ኩስንና የተረፈ መኖን የሚያብላሉት ባክቴሪያዎችም አልበዙም፤ ስለዚህ አሞኒያ ይጠራቀምና የጫጩቱን ስንጥብ ያቃጥላል። ወለል ላይ የሚውል ዓሣ ደግሞ ቆሻሻው ከሚዘቅጥበት ቦታ ስለማይርቅ ቀድሞ የሚጎዳው እሱ ነው።

በአገራችን ኩሬ ከሚረባው ዓሣ ውስጥ ከወለል የሚለቅሙት በዋናነት አምባዛና ካርፕ ናቸው። አምባዛ ካደገ በኋላ ጠንካራ ነው፤ በውኃው ውስጥ ያለው አየር ቢያንሰው ብቅ ብሎ ከላይ ይስባል። ጫጩቱ ግን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚተነፍሰው በስንጥቡ ብቻ ነው። በዚያ ላይ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ የሚደርስ ሙቀት ይፈልጋል፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ባለበት ደጋ ዕድገቱ ይጓተታል። ገበያውም ይታሰብበት፤ አምባዛ ቅርፊት የለውምና በአካባቢያችን የማይበላው ሰው ብዙ ነው። ጎረቤት የማይገዛውን ዓሣ አሳድጎ መኪና መፈለግ አያዋጣም። ለአምበር የምንመርጠው ካርፕን ነው፤ ቅርፊት አለው፣ ብርድ ይችላል፣ ጭቃውን እየማሰ ትልና ዘር ይለቅማል። አንድ አደራ ግን አለ፤ ካርፕ ለወንዞቻችን እንግዳ ስለሆነ የኩሬው መውጫ በወንፊት ሽቦ ይዘጋ።

ወደ ወለሉ እንመለስ። ጥቁር አፈር (መረሬ) ውኃ ይይዛል፤ ሲደርቅ ግን ይሰነጠቃል፣ ቀጥ ብሎ የተቆፈረ ግድግዳም ይናዳል። ግድግዳውን ዘቅዘቅ አድርገው ይቁረጡ፣ ወለሉን ወደ መውጫው አዘንብለው በደንብ ይጠቅጥቁ። ድንጋይ፣ ሥርና የቆየ ገለባ ይለቀም፤ ገለባ ከሥር ሲበሰብስ አየር ይጨርሳል። ጥልቀቱ ከ1 ሜትር አይነስ፤ ወደ 1.5 ሜትር ቢጠጋ የሌሊቱን ብርድ ይከላከላል። አፈሩ ቀይና ኮምጣጣ ከሆነ ባለሙያ ለክቶት በ100 ካሬ ሜትር ከ10 እስከ 20 ኪሎ የተፈጨ የእርሻ ኖራ ይበተን። ኖራና ፍግ በአንድ ቀን አይገናኙ፤ በመካከላቸው አንድ ሳምንት ያህል ይለፍ።

ከዚያ እስከ ጉልበት ድረስ ውኃ ያስገቡና የደረቀ የከብት ፍግ በኩሬው ጥግ በእንጨት አጥር ከልለው ይጨምሩ። ውኃው ወደ አረንጓዴ ሲለወጥ ቀስ በቀስ ይሙሉት። መድረሱን በክንድ ይለኩ። መዳፍዎን ዘርግተው እጅዎን ሲያጠልቁ ክርንዎ ውኃ ሲነካ መዳፍዎ ከዓይን ከጠፋ ደርሷል። ክርንዎ ጠልቆም ጣቶችዎ የሚታዩ ከሆነ ምግቡ አልበቃም፤ ውኃው ገና የእጅ አንጓዎን ሲነካ መዳፍዎ ከተሰወረ ግን በዝቷልና ፍጉን ያቁሙ። በቆላ ሁለት ሳምንት የሚበቃው ይህ ሥራ በእኛ ብርድ ይዘገያል። የማይደርቅ ምንጭ ያለው ሰው በጥር መጨረሻ ሞልቶ በመጋቢት ጫጩት ቢያስገባ ይሻላል።

ኩሬው ጂኦመምብሬን (ውኃ የማያሳልፍ የፕላስቲክ ንጣፍ) የተነጠፈበት ከሆነ ካርፕ የሚምሰው ጭቃ የለውም። ከድንጋይ የጠራ አፈር አንድ ስንዝር ያህል ከላይ ያልብሱት።

ጫጩት ከባሕር ዳሩ የዓሣ ምርምር ማዕከል ሲመጣ ጉዞው ረጅም ነው፤ ከመጫኑ በፊት ባለው ቀን እንዳይመገብ ይጠይቁ። ሲደርስ በአንዴ አይድፉት። ከረጢቱን እንደታሰረ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ በኩሬው ላይ ያንሳፍፉት፣ ከዚያ የኩሬውን ውኃ ጥቂት በጥቂት ይጨምሩበት፣ ጫጩቱ ራሱ ዋኝቶ ይውጣ። ለመጀመሪያው ዓመት በአንድ ካሬ ሜትር ከአንድ ጫጩት በላይ አያስገቡ።

መኖው የስንዴ ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ ነው። እያንዳንዳቸው 20 ግራም ለሚመዝኑ 100 ጫጩቶች የቀን መኖ 60 ግራም ይበቃል፤ ከሁለት እፍኝ ብዙም አይበልጥም። ብዙ ሰው የሚያጠፋው እዚህ ላይ ነው፤ ዓሣን እንደ በሬ አወፍራለሁ ብሎ መኖ ያፈሳል። መኖውን አርጥበው በዝርግ ሳህን ያድርጉና በገመድ አስረው ወደ ወለሉ ያውርዱት። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሲያወጡት ከተረፈ በሚቀጥለው ቀን ይቀንሱ። በየሳምንቱም በረጅም እንጨት ከወለሉ ጭቃ ያውጡ። ጠቁሮ እንደ ተበላሸ እንቁላል የሚሸት ከሆነ መኖና ፍግ አቁመው ከታች ያለውን ውኃ በመውጫው ይልቀቁ፣ በአዲስ ይተኩ። ዓሣው በማለዳ ከላይ አፉን ሲከፍት ካዩም እርምጃው ይኸው ነው።

ከኩሬው በላይ ባለ ማሳ ላይ ፀረ አረም ወይም ፀረ ተባይ ሲረጭ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ይኑር፤ የመርጫ ታንከርም በኩሬው ውኃ አይታጠብ። ብርብራ በዳር አይተከል። የተወቀጠ ፍሬው ዓሣን ለማደንዘዝ ከጥንት ጀምሮ ሲሠራበት የኖረ ነውና ኩሬ ውስጥ ሊወድቅ አይገባም።

ኩሬ የቆፈራችሁ ሁሉ ጫጩት ከማዘዛችሁ በፊት የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ ጠርታችሁ ወለሉንና ውኃውን አሳዩ።